የባሌስትራ ቢላዋ ለምን ይዶለዱማል?

ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ በእጅ የተቀጠቀጠ ቢላዋ የገዛ ሰው ቅሬታው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ሳምንት ሳይቆይ ዶለዶመ» ይላል፣ ወይ «አጥንት ሲነካ ተሸረፈ» ይላል። ፍርዱ ግን በሁለቱም አንድ ነው፦ «ድሮም ብረቱ ቆርቆሮ ነበር።» አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ጥፋት የለበትም። ከከባድ መኪና የወጣ ባሌስትራ፣ ማለትም ከመኪናው ሥር ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት፣ ለገጀራም፣ ለሥጋ ቤት መፍለጫም፣ ለወጥ ቤት ቢላዋም የሚበቃ ብረት ነው፤ በሌላው ዓለም ያሉ ቢላዋ ሠሪዎች ይህንኑ ዓይነት ብረት ገንዘብ ከፍለው አዲሱን ይገዙታል። የሚበላሸው እሳት ላይ ነው፤ በተለይም ቅርጹ ካለቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት። መዶሻው ላይ የፈሰሰው ላብ ሁሉ የሚጸናው ወይም የሚባክነው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ዋናው ጉዳዬ እሱ ቢሆንም ለጀማሪ እንዲጠቅም ከብረት መረጣው ልነሳ።

ብረት በማግኘት በኩል ኮምቦልቻ የታደለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ እዚያ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ሌላው በባቲ በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ጭነት የያዘ መኪና ቀን ከሌት ያልፋል። ከልኩ በላይ የተጫነ መኪና ጉድጓድ ሲመታ ባሌስትራ ይሰበራል፤ የተሰበረው ጋራዥ ጥግ ይከመራል፤ ከዚያ በኪሎ ለቁራሌው ይሸጣል። አይሱዙን ጨምሮ የጃፓን መኪኖች ባሌስትራ በአብዛኛው ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን፣ ከመቶ 0.8 ገደማ ክሮሚየምና ያንኑ ያህል ማንጋኒዝ አለው። አሜሪካኖች 5160 የሚሉት የታወቀ የገጀራ ብረት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ካርቦኑ ጥንካሬውን ይሰጣል፤ ክሮሚየሙና ማንጋኒዙ ደግሞ ወፍራሙ ብረት ውሃ ሳያስፈልገው በዘይት ብቻ እስከ ውስጡ እንዲጠነክር ያደርጋሉ። በአውሮፓ መኪኖች ላይ ሲሊኮን የበዛበት ወይም ቫናዲየም የገባበት ያጋጥማል፤ አያያዛቸው ተቀራራቢ ነው።

ክብ ሞላም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ዘርግቶ ጠፍጣፋ ለማድረግ ግን ድካሙ ይበዛል። ሞረድ ከመቶ 1 በላይ ካርቦን ስላለው ለቀጭን ቢላዋ ግሩም ነው፤ ለገጀራ ግን አልመክረውም፤ ምት አይችልም። ጥርሱም አስቀድሞ ሙልጭ ብሎ መፋቅ አለበት፤ አለዚያ የእያንዳንዱ ጥርስ ሥር የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ርካሽ ሞረድ ላይ ላዩን ብቻ ጠንክሮ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የኩሽኔታ ቀለበት 1 ከመቶ ካርቦንና 1.5 ከመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ ስለቱ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን መዶሻን እምቢ የሚል፣ ሙቀቱ ትንሽ ቢያልፍ የሚበጣጠስ ብረት ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም። ፌሮ፣ ላሜራ፣ የውሃ ቱቦ ጊዜ ማባከን ናቸው፤ ካርቦናቸው አይበቃም። ዚንክ የተቀባ ብረት እሳት ውስጥ ማስገባት ደግሞ ከብክነትም ያልፋል፤ ነጭ ጭሱ ብርድ ብርድ የሚያሰኝና የሚያንዘፈዝፍ ትኩሳት ያስይዛል።

የተሰበረ ባሌስትራ የደከመ ባሌስትራ መሆኑን መርሳት አይገባም። ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ብዙ ያስተምራል። አንዱ ጥግ ለስላሳና የጠቆረ፣ አንዳንዴም ቅስት ቅስት መስመር የተደራረበበት ይሆናል፤ ቀሪው ሻካራና አመድማ ነው። የጠቆረው ክፍል ስንጥቁ ቀስ በቀስ ሲጓዝ የቆየበት ሲሆን ሻካራው በመጨረሻዋ ምት ባንዴ የተለየው ነው። መኪናው ላይ ሳለ አንድ ቦታ እንዲህ የተሰነጠቀ ብረት ሌላም ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቅ የሚወዳቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የመሃል ቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ብረት ጠርዝ፣ ከተደራረቡት ብረቶች ያጭሩ ጫፍ ረጅሙን የፈተገበት ቦታ፣ ዝገት ቆፍሮ ጉድጓድ ያወጣበት ቦታ። ከእነዚህ ሁሉ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር መራቅ ነው።

ዓይን የማያየውን ስንጥቅ በላምባና በጠመኔ መያዝ ይቻላል። ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ከግራሶና ከዝገት ይጸዳል፤ ላምባ ይቀባና ሩብ ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ ተደርጎ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ተመልሶ እየወጣ ጠመኔው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምራል። ምንም ወጪ የሌለው ምርመራ ነው። የሚዘለልበት ምክንያት አይገባኝም፤ ስንጥቅ መዶሻ ስር ቢተኛም አይድንም፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ ወይም ገዢው እጅ ላይ ይከፈታል።

ሁለተኛው ፈተና የብረቱን ዓይነት ይለያል። 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ጫፉ ማግኔት ከለቀቀ በኋላ ትንሽ ደመቅ እስኪል ይጋልና ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ሞርሳ ላይ ታስሮ፣ ጨርቅ ተሸፍኖበት፣ ባንድ ምት ይመታል። ከታጠፈ ቢላዋ አይወጣውም። እንደ ብርጭቆ ከተሰበረ ይጠነክራል ማለት ነው፤ የስብራቱ ፊት ደቃቅና ግራጫ መሆን አለበት። እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ሻካራ ፍሬ ከታየ ብረቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው የበዛው፤ ዝቅ አድርጎ መድገም ነው። ለዚህ ፈተና ብቻ ውሃ ይፈቀዳል።

ለቆረጣ መጀመሪያ ብረቱን ማለስለስ ይጠቅማል። ቀልቶ ማግኔት ከለቀቀ በኋላ ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብሮ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ላይ በሴጌቶም በሞረድም ይታዘዛል። ውፍረቱ ከሚሠራው ዕቃ ጋር ይመጣጠን። የፒክአፕ ባሌስትራ 6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ለቢላዋ የሚቀጠቀጠው ያንሳል፤ የከባድ መኪናው 10 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ ለመፍለጫና ለገጀራ ይሻላል። 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ 1.1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እሳት ላይ ላዩ ተቃጥሎ በቅርፊት በሚረግፈው፣ በሚቆረጠውና በሚሳለው ተቀናንሶ 700 ወይም 800 ግራም የሚሆን የአጥንት መፍለጫ ይወጣዋል። ለወጥ ቤት ቢላዋ 3 ሳንቲ ሜትር በ20 የሆነ የ8 ሚሊ ሜትር ብረት ከበቂ በላይ ነው።

እሳቱ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ወናፉ ባንድ ግፊት የሚያስገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሠሪው ሙቀቱ አልደርስ ሲለው ወናፉን ያበረታል፣ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማራገቢያ እስከ መጨረሻው ይከፍታል። ያኔ ሳይቃጠል የሚያልፍ አየር ብረቱ ላይ በቀጥታ ይደርስና ቅርፊቱን ያበዛዋል፤ ከላይኛው ቆዳ ላይ ካርቦኑንም ይበላዋል። ያዋጣው መንገድ እሳቱን ማጥለቅ ነው። ከአየሩ ቧንቧ አፍ በላይ 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከሰል ይኑር፤ ብረቱ አፉ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ፣ ከአፉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይተኛ፤ ከላዩም ከሰል ይልበስ። ከሰሉ ከእንቁላል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ትላልቁ መሃሉ ክፍተት ይተዋል። ከቆላ የሚመጣው የግራር ከሰል ከባሕር ዛፉ ይልቅ ክብደት ስላለው ይቆያል፤ የልዩነቱን ዋጋ መክፈል ያዋጣል። በር ተዘግቶ መሥራት ግን በብርድም ቢሆን አይገባም፤ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይሰጥ ይገድላል።

ሙቀት የሚነበበው በቀለም ስለሆነ ምድጃው ጥላ ውስጥ ይሁን። ቀትር ፀሐይ ላይ ጠይም ቀይ የሚመስለው ብረት ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ብርቱካናማ ነው። ሜዳ ላይ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ሁልጊዜ ከልክ በላይ ያግላል። ለመቀጥቀጥ ደማቅ ብርቱካን፣ 1,100 ዲግሪ አካባቢ፣ መነሻ ነው፤ ቀለሙ ወደ ጠይም ቀይ ሲወርድ መዶሻው ይቁም። በጠቆረ ብረት ላይ የሚያርፉት «አንድ ሁለት ብቻ» የሚባሉት ምቶች ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ ጥቃቅን ስንጥቅ የሚፈጠረው ያኔ ነው። በሌላው ጫፍ ብረቱ ራሱ ኮከብ ኮከብ ፍንጣሪ መትፋት ከጀመረ ተቃጥሏል፤ ያ ክፍል ተቆርጦ ይጣል፤ በመዶሻ አይመለስም።

ስለ ቅጥቀጣው ብዙ አልልም፤ እጅ የሚማረው በእጅ ነው። ለአንድ ሰው ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ይበቃል፤ ወፍራሙን ለመዘርጋት 4 ኪሎ የሚይዝ ረዳት ካለ ጊዜ ይቆጥባል። ጀማሪን የሚያስቸግሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ስለቱ በኩል ሲቀጠን ብረቱ ወደዚያ በኩል ስለሚረዝም ቢላዋው ወደ ጀርባው ይቀለበሳል፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት አስቀድሞ ወደ ስለቱ ጎበጥ ማድረግ ነው፤ ሲቀጠን ራሱ ይቃናል። እጀታ ውስጥ የሚገባው ጭራ ከቢላዋው ጋር የሚገናኝበት ጥግ ሹል ማዕዘን አይሁን፤ በክብ ሞረድ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይዙር። ገጀራ እጀታው ጋ ሲሰበር ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያ ሹል ጥግ ነው። ስለቱ ደግሞ በዚህ ደረጃ አይቅጠን፤ ለቢላዋ 2 ሚሊ ሜትር፣ ለመፍለጫ 3 ሚሊ ሜትር ይተው። ቀጭን ስለት ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለው ካርቦን ያጣ ቆዳም ሲፋቅ የሚተርፍ ብረት ያስፈልጋል።

ቅርጹ አለቀ ማለት ሥራው ግማሽ ላይ ደረሰ ማለት ነው። የገበያው ቢላዋ የሚበላሸውም ከዚህ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ የጋለና የተደበደበ ብረት ውስጡ ያለው ፍሬ፣ ማለትም ብረቱ የተገነባበት ጥቃቅን ቅንጣት፣ ትልልቅና የተዘበራረቀ ነው። ያንን ሳያስተካክሉ በቀጥታ ወደ ዘይት መክተት ያ ስኳር የመሰለ ስብራት ያለው፣ አጥንት ሲነካ የሚሸረፍ ስለት ያወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ማግኔት ከለቀቀ በኋላ ትንሽ ደመቅ እስኪል ማጋል፣ ነፋስ በማይመታው ቦታ አየር ላይ ብቻ እስኪጠቁር ማቀዝቀዝ፣ ይህንን ሦስት ጊዜ መደጋገም፤ በየዙሩም ሙቀቱን ትንሽ ትንሽ ዝቅ ማድረግ። ዘይትም ውሃም የለም፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ወይም እርጥብ መሬት ላይም አይቀመጥ። አንዱ ዙር ለቢላዋ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ሦስቱም ዙሮች ለዓይን የሚታይ ለውጥ ስለማያመጡ ብዙ ሰው ይዘላቸዋል። እኔ አንድ ደረጃ ብቻ ለገበያው ሁሉ ማስተማር ብችል ይህንን እመርጥ ነበር።

ከዚያ ማጠንከሩ ይመጣል። ብረት ማግኔት የሚለቀው 770 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የባሌስትራ ብረት ግን 830 እስከ 845 ይፈልጋል። ማግኔቱ እንደለቀቀ የሚነክር ሰው ግማሽ የጠነከረ ቢላዋ ያገኛል፤ «ሳምንት ሳይቆይ ዶለዶመ» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ከለቀቀ በኋላ አንድ ደረጃ ደመቅ ይበል፤ ቀለሙ ከጀርባው እስከ ስለቱ፣ ከጫፉ እስከ እጀታው አንድ ዓይነት ይሁን፤ በዚያው ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይነድዳል፤ ደግሞ ደጋግሞ ማውጣትና ማገላበጥ ይጠይቃል። አንድ ዘዴ አለ፤ አንድ ጫፉ የተደፈነ፣ ዚንክ ያልተቀባ ወፍራም የብረት ቱቦ እሳቱ ውስጥ ይተኛና ቢላዋው ቱቦው ውስጥ ይግላል። አየር በቀጥታ አያገኘውም፤ ቅርፊቱ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ወጥ ይሆናል።

ውሃ ለዚህ ብረት አይሆንም። በእጅ የሚገኝ ስለሆነ ብዙዎች ይጠቀሙበታል፤ ውጤቱ «ጢክ» የምትል ድምፅና ከስለቱ ወደ ጀርባው የምትሄድ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ናት። አንዳንዴ ድምፁም አይሰማም፣ ስንጥቁም ተጠርጎ ተወልውሎ ገበያ ይወጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አልወደውም። ያጠነክራል፤ ግን ጭሱ መርዛም ነው፣ ሞተር ውስጥ የሰበሰበው ነገርም ምግብ ከሚነካ ዕቃ ጋር መቀራረብ የለበትም። የምግብ ዘይት ይሻላል።

እዚህ ላይ የደሴ ብርድ ይገባል። ዘይት ቀዝቃዛ ሲሆን ይወፍራል፤ የወፈረ ዘይት ብረቱ ዙሪያ በደንብ ስለማይዞር የሚያቀዘቅዘው ቀስ ብሎ ነው። ሰው ቀዝቃዛ ዘይት የበለጠ ያጠነክራል ብሎ ያስባል፤ እውነታው ተቃራኒ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ በደሴ ጠዋት ቅቤ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ከመንከሩ በፊት ዘይቱ 50 ወይም 60 ዲግሪ ይድረስ፤ አንድ ቁራጭ ብረት አግሎ ውስጡ መንከር ይበቃል። ቴርሞሜትር ከሌለ መለኪያው የጣሳው ውጫዊ ግድግዳ ነው፤ እጅ አርፎበት ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ መቆየት ካልቻለ ደርሷል። ኮምቦልቻ በሞቃት ከሰዓት ችግሩ ወደ ሌላ ይዞራል፤ ብዙ ቢላዋ በተከታታይ ሲነከር ዘይቱ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ የመጨረሻዎቹም ቢላዋዎች ይለሰልሳሉ። መጠኑ ይህን ይወስናል፦ 800 ግራም የጋለ መፍለጫ 10 ሊትር ዘይትን በ20 ዲግሪ ገደማ ያሞቃል፤ በ5 ሊትር ውስጥ ግን ከ40 በላይ። ለቢላዋ 5 ሊትር፣ ለመፍለጫ 10 ሊትር ይኑር። ዕቃው ብረት ይሁን፤ ፕላስቲክ ጀሪካን ቀልጦ እሳት ያስነሳል። የሚገጥም የብረት ክዳን አጠገብ ይቀመጥ፤ ዘይት ሲነድ ክዳን እንጂ ውሃ አይደፋበትም።

ቢላዋው ቀጥ ብሎ፣ ሳያመነታ ይገባል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደ መቁረጥ ይንቀሳቀሳል። ወደ ጎን ከተማሰለ አንዱ ገጽ ቀድሞ ይቀዘቅዝና ይጣመማል። መቀቀሉ ጋብ ሲል ይወጣል፤ ዓይን በጀርባው መስመር ላይ ይሮጥ። ከተጣመመ አሁኑኑ፣ ብረቱ እጅ የማያስነካ ትኩስ ሳለ፣ በሁለት እንጨት መሃል ተጭኖ ይቃናል። ያቺ ዕድል ከአንድ ደቂቃ አትበልጥም፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ለማቃናት የሞከረ ሁለት ቁራጭ ይዞ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ሞረድ ስለቱ ላይ ይሳባል። ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከነከሰ ግን ወዲያው ተስፋ አይቆረጥም፤ ላዩ ካርቦን ያጣ ቆዳ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ፍቆ እንደገና መሞከር ነው።

አሁን ቢላዋው ብርጭቆ ነው። ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል፤ ሳይነካም ውስጡ ባለው ውጥረት ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚያው ሰዓት ማለዘብ፣ ማለትም እንዳይሰበር በመጠነኛ ሙቀት መልሶ ማሞቅ፣ ያስፈልጋል፤ ማሳደር የለም። ለወጥ ቤትና ለእርድ ቢላዋ 200 ዲግሪ፣ ለመፍለጫና ለገጀራ 250 እስከ 270 ዲግሪ፤ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል፣ መሃል ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ። የፈላ ውሃ ለዚህ አይበቃም፤ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

የዳቦ መጋገሪያ ኦቨን ያለው ሰው ችግር የለበትም። ለሌለው የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ሙቀቱ ለወጥ ቤት ቢላዋ ከሚፈለገው ጋር ይቀራረባል። ምጣዱ ላይ ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ ይደረግ፣ ቢላዋው አሸዋው ውስጥ ይተኛ፣ አክንባሎው ይከደን። አሸዋው ሙቀቱን ያስተካክላል። ምጣዱ ግን ወደ እንጀራ የማይመለስ አሮጌ ይሁን። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ቢላዋውን አይጎዳውም፤ ሲመጣ ሰዓቱን እንደገና መቁጠር ነው።

ለመፍለጫ ከሰል ላይ የተጣደ የብረት መጥበሻ ይሻላል፤ ስለቱና ጀርባው የተለያየ ጠባይ እንዲኖራቸው ያስችላል። መጀመሪያ አንዱ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ይፈተጋል፤ ቀለሙ የሚታየው በተወለወለ ብረት ላይ ብቻ ነው። አሸዋው ይሞቅና መፍለጫው በጀርባው ይቆማል፤ ስለቱ ወደ ላይ፣ ከአሸዋው ውጪ። ለጥቂት ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ከጀርባው በኩል ፈዛዛ የገለባ ቢጫ ብቅ ይላል፤ ቀስ እያለ ወደ ስለቱ ይወጣል፣ ከኋላው ቡናማ ይከተለዋል፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ጀርባው ሰማያዊ ሆኖ ስለቱ ቡናማው ሲደርሰው ይነሳል። ጀርባው ለስላሳና የማይሰበር፣ ስለቱ ጠንካራ ይሆናል። ቀለሙ ይፈተግና ይደገማል። ለቢላዋ ስለቱ ላይ የገለባው ቢጫ ይበቃል። መፍለጫ በገለባ ቢጫ ላይ ከቆመ አጥንት ይሸርፈዋል፤ የወጥ ቤት ቢላዋ ሰማያዊ ከደረሰ ይዶለዱማል። የገበያው ሁለት ቅሬታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወለዱት ከዚህ ነው፤ ሁለቱን ዕቃ በአንድ ሙቀት ከማለዘብ፣ ወይም ጭራሽ ካለማለዘብ።

ከዚህ በኋላ ግራይንደር ጠላት ሊሆን ይችላል። የጠነከረ ብረት በደረቁ ሲሳል ስለቱ ላይ ቅጽበታዊ ሰማያዊ ጥላ ከታየ ያ ቦታ ለዝቦ አልቋል። አጠገብ ባልዲ ውሃ ይኑር፤ በጓንት ሳይሆን በባዶ እጅ ይያዝ፤ እጅ ሲያቃጥል መንከር ነው። የስለቱ ማዕዘን በእያንዳንዱ ገጽ ለወጥ ቤት ቢላዋ 15 እስከ 18 ዲግሪ፣ ለመፍለጫ 25 ወይም ከዚያ በላይ። የእርድ ቢላዋ እንደ ወጥ ቤቱ ይሳላል፤ ነገር ግን ከእጀታው እስከ ጫፉ አንዲት ጥርስ እንኳ እንዳይኖራት በጥፍር እየዳሰሱ መጨረስ ያስፈልጋል። በአረፋም በፋሲካም ቢላዋ የሚገዛው ሰው የሚፈትነው እሱን ነው፤ ልክም ነው፤ ጥርስ ያለው ስለት እንስሳውን ያሠቃያል።

ለእጀታ ከወይራ የሚበልጥ አላውቅም፤ ጠጣርና ቅባታም ነው። ጥድ ይሰነጠቃል፣ ዋንዛ ለገጀራ ይለሰልሳል። እንጨቱ ቢያንስ አንድ በጋ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። በክረምት ደሴ ላይ የተገጠመ እርጥብ እጀታ ኮምቦልቻ ወርዶ ሲደርቅ ይሸበሸብና መቀርቀሪያው ይላላል። የበሬ ቀንድ ያምራል፤ በፈላ ውሃ ለስልሶ ሞርሳ ውስጥ ተጭኖ ይቃናል፤ ለከባድ መፍለጫ ግን እንጨቱን እመርጣለሁ። የጭራው ቀዳዳ በትራፓኖ የሚበሳው ብረቱ ለስላሳ ሳለ፣ ማለትም ከመንከሩ በፊት ነው፤ በኋላ ፑንታ ይጨርሳል እንጂ አይበሳም። ሁለት ወይም ሦስት የ5 ሚሊ ሜትር መቀርቀሪያና ኢፖክሲ ይበቃሉ።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ያስወጣል? ሦስቱ የማስተካከያ ዙሮች፣ የዘይቱ ማሞቂያና ሁለቱ የማለዘቢያ ዙሮች ተደምረው ከግማሽ ቀን አያልፉም፤ አሥር ቢላዋ ባንድ ላይ ከተሠራ ለአንዱ የሚደርሰው ግማሽ ሰዓት ያህልና ጥቂት ከሰል ነው። ሠሪዎቹ ይህን ማድረግ አቅቷቸው አይደለም። ገዢው በቢላዋው ክብደትና በእጀታው ውበት ዋጋ ሲሰጥ ለማይታየው ሥራ የሚከፍል የለም፤ ያልተከፈለበት ሥራ ደግሞ ይቀራል። በዚህ ላይ ብረት ቀጥቃጩ በዚህ አገር ለዘመናት በሙያው ሲሰደብ ኖሯል፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። የተናቀ ሙያ ዕውቀቱን ቤቱ ውስጥ ይደብቃል፤ የተደበቀ ዕውቀት ደግሞ አባት ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ገዢ ሆኖ «በዘይት ነው ወይ የነከርከው? ለዝቧል?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ለመልሱም ተጨማሪ ብር የሚከፍል ሰው ቢበዛ ገበያው በአጭር ጊዜ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። መፈተኛውም አለ፤ ስለቱን በሚስማር አካል ላይ በቀስታ ጫን አድርጎ ሲነሳ ወደ ብርሃን ማየት ነው። ስለቱ ጎብጦ ከተመለሰ ልኩ ነው፤ ጎብጦ ከቀረ ለስላሳ ነው፤ ከተሸረፈ አልለዘበም።

የገዛም ሰው ድርሻ አለው። ይህ ብረት ይዝጋል፤ ቲማቲምና ሎሚ ያጠቁሩታል። ታጥቦ ወዲያው ይደርቅ፣ ሳይሠራበት የሚቆይ ከሆነ የኑግ ዘይት ይቀባ። ሲደነዝ በውሃ በራሰ መሳያ ድንጋይ፣ የድሮውን ማዕዘን ተከትሎ፣ ከሁለቱም ገጽ እኩል ይሳል። በየመንገዱ በደረቅ ግራይንደር ለሚስሉት አይሰጥ፤ ያ የእሳት ፍንጣሪ ስለቱን በአንድ ደቂቃ ሰማያዊ አድርጎ ያለዝበዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ የለዘበውን ጠርዝ በድንጋይ ፍቆ ማውጣት፣ ወይም እጀታውን አውልቆ ከማጋሉ መጀመር ነው።